249 ግራም፦ ከምዝገባ ነፃ የሆነ ድሮን ከሕግም ነፃ ነው?

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ወር አንዲት ትንሽ ድሮን ገዛሁ፤ ስትታጠፍ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ካርቶኗ ላይ 249 ግራም ተብሎ በትልቁ የተጻፈባት። የመረጥኳት ለካሜራዋ ብቻ አይደለም። የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ 250 ግራም ያልሞላ ድሮን ምዝገባ አያስፈልገውም፣ ሕግም አይመለከተውም ስላሉኝ ነው። አሁን የደብራችን ዲያቆናት ይህን ሰምተው የዘንድሮን ደመራ ከላይ እንድቀርጽላቸው ጠይቀውኛል። ጥያቄው አስደስቶኛል፤ ነገር ግን ደመራው ዙሪያ ሕዝብ ይሰበሰባል፣ ሕፃናት በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ይሆናሉ፣ እሳትም ይነዳል። አንድ ነገር ቢደርስ ሳልጠይቅ ቀረሁ ማለት አልፈልግም። ስለዚህ የምታውቁ ንገሩኝ፦ 250 ግራም ያልሞላ ድሮን በእርግጥ ከሕግ ሁሉ ነፃ ነው?

ጥያቄውን የለጠፍኩት በነሐሴ መጀመሪያ፣ ሐሙስ ማታ ነበር። እስከ እሑድ 30 ምላሽ መጣ። ውይይቱ ረዝሞ መጀመሪያውና መጨረሻው ስለማይገናኝ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲጠቅም በተራ ቁጥሩ መሠረት በራሴ አገላለጽ አስፍሬዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ ምላሽ። ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የጻፈ ወንድም ነው። እንኳን ደስ አለህ ካለኝ በኋላ ምንም አትጨነቅ አለኝ። እሱ ተመሳሳይዋን ድሮን ከአፓርታማው በረንዳ ላይ እያስነሣ ሁለት ዓመት አብርሯል፤ ማንም አልጠየቀውም። በእሱ አመለካከት 249 ግራም የተመረጠው ሕጉ እንዳይነካው ነው፤ ስለዚህ ሕጉ አይነካውም። ይህን ሰው ልብ በሉልኝ፤ ደጋግሞ ይመለሳል።

2ኛ ምላሽ። አጭር ስምምነት፣ ከዚያም ተጨማሪ ባትሪ የት በቅናሽ እንደሚገኝ የሚገልጽ ጥቆማ።

3ኛ ምላሽ። ውይይቱን ቁም ነገር ውስጥ ያስገቡት እኚህ ጋሼ ናቸው። ድሮን የሚባል ቃል ሳይለመድ በፊት ጀምሮ ከቀላል እንጨት የሞዴል አውሮፕላን ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በትሕትና ጀመሩ፤ 1ኛው ግማሹን ትክክል ነው አሉ። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) ምዝገባ የጀመረው በዲሴምበር 2015 ነው፤ ለመዝናኛ ብቻ የሚበር ከ0.55 ፓውንድ የማይበልጥ ድሮን ከምዝገባ ቀርቷል። ቀሪው ሁሉ፣ ከ0.55 እስከ 55 ፓውንድ ያለው፣ በ5 ዶላር ለሦስት ዓመት ይመዘገባል። ለመዝናኛ ከሆነ አንድ ምዝገባ ላለህ ድሮን ሁሉ ይበቃል።

ከዚያ ጋሼ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አስረዱ፤ ይህ ክፍል ለእኔ ከሁሉም የሚጣፍጠው ነበር። ምዝገባውን እንዲያጠና የተሰበሰበው ቡድን የጠየቀው ጥያቄ ከሰማይ የወደቀ ነገር ሰው አናት ላይ ቢያርፍ ምን ያህል ጉልበት ይገድላል የሚል ነበር። 80 ጁል የሚያህል ጉልበት አናት ላይ ካረፈ ከመቶ ሠላሳ የመግደል ዕድል እንዳለው ገመቱ። 250 ግራም የሚመዝን ነገር በሰከንድ 25 ሜትር ሲወርድ የሚይዘው ጉልበት 78 ጁል ነው። ወረቀትና እርሳስ አንሥቼ አሰላሁት፤ ልክ ነው። ስለዚህ ያ መስመር ከዚህ በታች አደጋ የለም ማለት አይደለም። ከዚህ በታች ለመመዝገብ አናስቸግርህም ማለት ነው። ጋሼ ይህን ሲጽፉ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ እኔ ግን ደመራው ሥር የሚቆሙት ሕፃናት ታዩኝ።

ሀገሮች መስመሩን በየፈቃዳቸው እንደሚያሰምሩም ጨመሩ። ጃፓን ቀድሞ 200 ግራም ላይ ነበር ያሰመረችው፤ ዲጄአይ የተባለው የድሮን አምራች በ2019 ሚኒ የምትባለውን የመጀመሪያዋን ትንሽ ድሮን ሲያወጣ ለሌላው ዓለም 249 ግራም፣ ለጃፓን ብቻ ደግሞ 199 ግራም አድርጎ ሠራት። በጁን 2022 ጃፓን መስመሩን ወደ 100 ግራም አወረደችው።

4ኛ ምላሽ። ፓውንዱን በግራም የመነዘረ ጠንቃቃ ሰው ነው። 0.55 ፓውንድ ማለት 249.47 ግራም ነው እንጂ ድፍን 250 አይደለም አለ። ሕጉ የሚለካው ደግሞ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ድሮኑ ሲነሣ ያለውን ክብደት፣ ከተሸከመውና ከተለጠፈበት ነገር ሁሉ ጋር ነው። በ249 እና በ249.47 መካከል የተረፈው ቦታ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም።

5ኛ ምላሽ የራሴ ነው። 4ኛውን እንዳነበብኩ ወጥ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ጥሬ ቡና ከመቁላቷ በፊት የምትመዝንባት፣ የግራም አሥረኛ ድረስ የምታነብ ሚዛን አለችን። ሳህኗን ጠርጌ ድሮኗን ከነባትሪዋና ከነሚሞሪ ካርዷ አስቀመጥኩ፦ 248.8። ልጄ ባለፈው ሳምንት ጀርባዋ ላይ የለጠፈላትን የአንበሳ ተለጣፊ አስታወስኩና ላጥኩት፤ 248.4። ለማታ ብዬ የገዛሁትን ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ሳስቀምጥባት 250ን ዘለለች። የፕሮፔለር መከለያውን ስገጥምማ በጣም ርቃ ሄደች። ሕፃናት እንዳትቆርጥ ብዬ የገዛሁት መከለያ ራሱ ከመስመሩ አሻገራት። ቁጥሮቹን ከነፎቶግራፋቸው ለጠፍኩ።

6ኛ፣ 7ኛና 8ኛ ምላሾች። ሰው ሁሉ ወደ ወጥ ቤቱ የሄደ ይመስላል። አንዱ የካሜራ ማጣሪያ መስተዋት ሲቀይር መስመሩን እንዳለፈ ነገረን። ሌላዋ ጸሐፊ ደግሞ የዲጄአይዋ ሚኒ 3 ፕሮ በመደበኛው ባትሪ 249 ግራም ብትሆንም ረጅም ሰዓት የሚያስኬደው ትልቁ ባትሪ ሲገባላት ወደ 290 ግራም እንደምትደርስ አስታወሰች። ያኔ ምዝገባም፣ ማንነቷንና ያለችበትን ቦታ በሬዲዮ የምታሳውቅበት ሪሞት አይዲም ግዴታ ይሆናል። ሦስተኛው በየሱቁ የሚሸጠው የወጥ ቤት ሚዛን አይታመንም ብሎ፣ አምስት ሳንቲም አስቀምጣችሁ ፈትኑት፣ የአሜሪካ አምስት ሳንቲም 5 ግራም ነው አለ። ፈተንኩት፤ ሚዛናችን አልዋሸችም።

9ኛ ምላሽ። እዚህ ላይ የውይይቱ ድምፅ ተለወጠ። ጸሐፊው ምዝገባው ሁሉ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው፣ ፍርድ ቤትም ሽሮታል አለ። እውነትም በሜይ 2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ቴይለር የተባሉ የሞዴል አውሮፕላን ወዳጅ ባቀረቡት ክስ የመዝናኛ ድሮኖች ምዝገባ ሕግ አውጪው ካወጣው ክልከላ ጋር ይጋጫል ብሎ ውድቅ አድርጎታል። ጸሐፊው እዚያ ላይ አቆመና፣ የሚመዘገብ ሁሉ የዋህ ነው ብሎ ዘጋ።

10ኛ ምላሽ። ሕግ የምትማር እኅታችን የቀረውን ጨረሰችው። ስትጽፍ ረጋ ያለች፣ ነገር ግን ክፍተት የማትተው ናት። ፍርዱ ከተሰጠ ከሰባት ወር በኋላ፣ በዲሴምበር 2017፣ ኮንግረሱ በመከላከያ በጀት አዋጁ ውስጥ ምዝገባውን በሕግ መለሰው፤ እስካሁንም ጸንቷል። እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። እኚያው ከሳሽ በዚያው መዝገብ ሌላም ነገር ተከራክረው ነበር፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ያለውን የበረራ ክልከላ። በእሱ ላይ ግን ክሱ ከጊዜ ገደቡ በኋላ ቀርቧል ተብለው ተረቱ። በምዝገባው ያሸነፈው ሰው በአየር ክልሉ ተሸነፈ። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም ብላ ጻፈች። እኔም ጥያቄዬ ራሱ ስሕተት እንደነበረበት የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ስለ ክብደት ጠየቅኩ እንጂ የት እንደማበር አልጠየቅኩም ነበር።

11ኛ ምላሽ። በዋሽንግተኑ ሬገን ብሔራዊ አየር ማረፊያ መንገደኛ ሲያመላልሱ ብዙ ዓመት የኖሩ አሽከርካሪ ናቸው። መንገዱን ከእነ መገንጠያው እንደሚያውቁት ሁሉ ሰማዩንም ያውቁታል። አየር ማረፊያውን መሐል አድርጎ ሁለት ክብ አለ አሉ። ትልቁ 30 ማይል፣ ውስጠኛው 15 ማይል ነው፤ በባሕር ማይል ስለሚቆጠር ውስጠኛው 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ የመጣ ክልከላ ነው። በውስጠኛው ክብ ያለ ኤፍኤኤ የተለየ ፈቃድ ማንኛውንም ድሮን ማብረር ክልክል ነው፤ 2 ኪሎም ሆነ 200 ግራም። በሁለቱ ክቦች መካከል ግን የመዝናኛ በረራ ይፈቀዳል፦ ከ400 ጫማ ሳያልፉ፣ ድሮኑን በዐይን እያዩ፣ አየሩ ጥርት ሲል፣ ከአውሮፕላን እየራቁ፣ ድሮኑም ተመዝግቦ ቁጥሩ ተጽፎበት። የሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ከአየር ማረፊያው 16 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ፎልስ ቸርች፣ ታኮማ ፓርክ፣ ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት ሰፈር ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ከነምግብ ቤቱና ከነአብያተ ክርስቲያናቱ ውስጠኛው ክብ ውስጥ ነው። በጃንዋሪ 2015 አንዲት ትንሽ ድሮን ዋይት ሐውስ ግቢ የወደቀችበትን ሌሊትም አነሡ።

12ኛ ምላሽ። 1ኛው ተመለሰ። የእሱ ድሮን በየቀኑ ከአሌክሳንድሪያ ትነሣለች። ቢከለከል ኖሮ ማሽኑ ራሱ አልነሣም ይለኝ ነበር አለ።

13ኛ ምላሽ። ለዚህ መልስ የሰጠው በሙያው የኮምፒውተር ሰው ነው። ቀድሞ በእርግጥ እንደዚያ ነበር፤ የዲጄአይ ድሮን ዋሽንግተን ውስጥ ሞተሩን ለማስነሣት እምቢ ይል ነበር። በጃንዋሪ 2025 ግን ኩባንያው ያንን መቆለፊያ በአሜሪካ አነሣው፤ አሁን የሚታየው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፣ ተጭኖ ማለፍ ይቻላል። ማሽኑ ስለተነሣ ብቻ ፈቃድ አለ ማለት እንዳልሆነ፣ በር ሳይቆለፍ መገኘቱ ግባ ማለት እንዳልሆነ ጻፈ። 1ኛውን ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ቀይ ጽሑፍ አንብበኸው ታውቃለህ ወይ ብሎም ጠየቀው።

14ኛ ምላሽ። 1ኛው ተቆጣ። ሕዝብን የምታስፈራሩ፣ ከፖሊስ በላይ ፖሊስ የሆናችሁ፣ የራሳችሁ ልጅ ቢያበር ዝም የምትሉ አለን። አሽከርካሪውንም ስለ ታክሲህ ጻፍ ብሎ ተናገራቸው። ያ ቃል ተገቢ አልነበረም።

15ኛ ምላሽ። የመድረኩ አስተባባሪ ገብታ ቃሉን አነሣችው፤ በዕድሜ ለሚበልጠን ሰው እንዲህ አይጻፍም ብላ አሳሰበች። አሽከርካሪው ምንም አልመለሱም።

16ኛ ምላሽ። ከሎስ አንጀለስ ነው የመጣው። በጃንዋሪ 2025 ፓሊሴድስ በእሳት ስትነድ ከባሕር ውኃ እየቀዳ እሳቱ ላይ የሚያፈስ ከካናዳ የመጣ አውሮፕላን ነበር። አንዲት ድሮን ክንፉ ላይ መታችው፤ ሦስት በስድስት ኢንች የሚያህል ቀዳዳ ከፈተች፤ አውሮፕላኑ ከተማው እየነደደ ለቀናት ከሥራ ወጣ። ድሮኗ ሚኒ 3 ፕሮ ነበረች። ያበራት ሰው ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ አርቋት ከዐይኑ ጠፍታው ነበር፤ በኋላ ጥፋቱን አምኗል። ይህን የጻፈው ወንድም ያን ሳምንት ጭሱ መስኮቱ ሥር ደርሶ ሻንጣውን በር ላይ አድርጎ ያደረ ሰው ነው። ትንሽ ናት፣ ምን ታደርጋለች የሚል ሰው ሲያጋጥመው ዝም ብሎ ማለፍ እንደማይችል ነገረን። ከዚህ በኋላ በውይይቱ ውስጥ ስለ ትንሽነቷ የተከራከረ አልነበረም።

17ኛ ምላሽ። ሠርግ በመቅረጽ የምትተዳደር እኅት ናት፤ እስካሁን ማንም ያላየውን አየች። እሺ፣ ደብሩ ከክቡ ውጭ ነው እንበል አለች። አንበሳው ተልጦ ድሮኗ 248.4 ነች። አሁንም መመዝገብ አለባት። ምክንያቱም ከምዝገባ ነፃ የሚያደርገው ክብደቱ ከመዝናኛ ጋር ሲደመር ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ገጽ የሚቀረጽ ደመራ ግን መዝናኛ አይደለም። ይህ ክፍል 107 በሚባለው ደንብ ይገዛል። ፈቃዱን ለማግኘት 16 ዓመት መሙላት፣ 175 ዶላር ከፍሎ 60 ጥያቄ መፈተን፣ ከመቶ 70 ማምጣት ይጠይቃል። በዚህ ደንብ እያንዳንዱ ድሮን ለብቻው ይመዘገባል፤ ለእያንዳንዱም 5 ዶላር ይከፈላል፤ ክብደት አያስምርም።

ከሕዝብ በላይ ማብረርን በተመለከተም የነገረችን ነገር ነበር። በዚያው ደንብ ቀላሉ መንገድ ከ0.55 ፓውንድ ያልበለጠ ድሮን ነው፤ ግን ቆዳ የሚቆርጥ የተጋለጠ ፕሮፔለር ሊኖረው አይገባም። መከለያ ሳይገጠም ፕሮፔለሩ የተጋለጠ ነው፤ ሲገጠም ክብደቱ ያልፋል። የእኔ ድሮን ወጥ ቤት ሚዛን ላይ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ሕዝብ በተሰበሰበበት ሜዳ ላይ ለመቆየት ደግሞ ሪሞት አይዲም ይፈለጋል። እሷ ራሷ ሙሽሮች ሲለምኗት ድሮኗን ከእንግዶቹ ራስ በላይ አታሳልፍም፤ ከጎን ነው የምትቀርጸው።

18ኛ ምላሽ። ከዲያቆናቱ አንዱ ውይይቱን ሲከታተል ቆይቶ ኖሮ ቅሬታውን ጻፈ። ሳንቲም አንቀበልበትም፣ የምናደርገው ለበረከት ነው፣ አገልግሎት እንዴት ንግድ ይባላል? ቅን ሰው ነው፤ ሐዘኑ ከጽሑፉ ይታያል።

19ኛ ምላሽ። 10ኛዋ እኅታችን መለሰችለት፤ በጣም በአክብሮት። ሕጉ ንግድ ነው አላለም፤ መዝናኛ አይደለም ነው ያለው። ኤፍኤኤ ራሱ ለበጎ አድራጎት ድርጅት በነፃ የሚደረግን ቀረጻ ከመዝናኛ ውጭ አድርጎ ይቆጥረዋል። ገንዘብ መቀበል አለመቀበል መለኪያ አይደለም፤ የምታበረው ለራስህ ደስታ ነው ወይስ ለሌላ ጉዳይ የሚለው ነው መለኪያው። ዲያቆኑ አመስግኖ ዝም አለ።

20ኛ ምላሽ። ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ። ይህ ምላሽ ከርእሱ የወጣ ቢሆንም አልዘለውም። እናቱ ከሀገር ቤት የመጡት አምና ነው። አንድ ቅዳሜ እሳቸው ከጓሮ ደረጃው ላይ አንሶላ ዘርግተው በርበሬ ሲያሰጡ እሱ ድሮኑን አስነሣ። ድምፁ ገና ከአጥሩ በላይ ሲሰማ እናቱ ቀና ሳይሉ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፤ የልጅ ልጃቸውን እጅ አንጓው ላይ ይዘው ገቡ፤ በሩን ዘጉ። በርበሬው አንሶላው ላይ ቀረ። ድሮኑን አውርዶ ገብቶ ሲያያቸው ከመስኮት ርቀው፣ ልጁን ጭናቸው ላይ አድርገው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ካሜራ ብቻ ነው ብሎ አሳያቸው፤ ነኩትና መለሱለት። እስከ ማታ አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ እናቱ ቤት ካሉ አያበርም። የትኛውም ደንብ ይህን አይጠይቅም፤ እሱ ግን ጎረቤታችሁ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ አታስነሡ አለን።

21ኛ ምላሽ። ስሙ ነው ችግሩ አለ አንዱ። የጦርነቱንም መሣሪያ የልጅ መጫወቻውንም ሰው አልባ አውሮፕላን፣ ወይም ድሮን እያልን በአንድ ስም እንጠራለን፤ ለትንሹ በራሪ ካሜራ የሚል ስም ይውጣለት ብሎ ሐሳብ አቀረበ።

22ኛ ምላሽ። ጋሼ (3ኛው) ስሙ ቢቀየር ድምፁ እንደማይቀየር ጽፈው አሳጠሩት።

23ኛ ምላሽ። ለገና ሀገር ቤት ልትገባ ያሰበች እኅት ድሮኗን ይዛ መሄድ ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ሁለት ሰዎች ተከታትለው መለሱላት (24ኛና 25ኛ)። ኢትዮጵያ ውስጥ የግራም ነፃነት ብሎ ነገር የለም፤ ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ኢንሳ በምንለው፣ ቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ሳይዙ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ መሄድ ድሮኑን አየር ማረፊያ ላይ ትቶ ለመግባት መዘጋጀት ነው። 25ኛው በዱባይ ለሚተላለፍ መንገደኛም ጨመረ። በጃንዋሪ 2022 አቡ ዳቢ ከተጠቃች በኋላ ኤምሬትስ የመዝናኛ ድሮንን ሙሉ በሙሉ አግዳ ነበር፤ እገዳው ኋላ ደረጃ በደረጃ ቢላላም ሳይጠይቁ ይዞ መውረድ አይገባም።

26ኛ ምላሽ። ከፍራንክፈርት። በአውሮፓ ኅብረት ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የሚመዘገበው ድሮኑ ሳይሆን የሚያንቀሳቅሰው ባለቤቱ ነው። ድሮኑ 250 ግራም ባይሞላ እንኳ ካሜራ ካለው፣ መጫወቻ ካልተባለ በቀር፣ ባለቤቱ ይመዘገባል። እዚያ ሕጉ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ዐይኑንም ይቆጥራል። ክፍት ምድብ በሚባለው፣ የተለየ ፈቃድ በማይጠይቀው የበረራ ዓይነት ከተሰበሰበ ሕዝብ በላይ ማብረር ደግሞ በየትኛውም ክብደት ክልክል ነው።

27ኛ ምላሽ። ከለንደን፣ ሁለት መስመር። ብሪታንያ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ መስመሩን ወደ 100 ግራም አውርዳለች፤ ከዚያ በላይ ያለውን የሚያበር ሁሉ ፈተናውን አልፎ የአብራሪ መለያ መያዝ አለበት።

28ኛ ምላሽ። በቁጭት የተጻፈ ነው። ለመመዝገብ ፈልጎ ኢንተርኔት ላይ መጀመሪያ የመጣለትን ድረ ገጽ ከፈተ፤ የመንግሥት የሚመስል ንስር አለበት፤ የ5 ዶላሩን ምዝገባ ብዙ እጥፍ ከፈለበት። ትክክለኛው መመዝገቢያ የኤፍኤኤ ድሮን ዞን ብቻ እንደሆነ ያወቀው ካርዱ ከተቀነሰ በኋላ ነው። የድረ ገጹን ስም አልጻፈም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

29ኛ ምላሽ። የ11 ዓመት ልጅ እናት ናት። ለመመዝገብ 13 ዓመት መሙላት ግድ ነው፤ ስለዚህ ለልጇ እሷ ትመዘገባለች። ትረስት የሚባለውን ነፃ ፈተና ግን ለመዝናኛ የሚያበር ሁሉ፣ 249ም ቢሆን 100 ግራምም ቢሆን፣ አልፎ ማስረጃውን መያዝ አለበት። ከልጇ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ተፈተኑ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደባቸው፤ ልጁ እሷ የሳተችውን አንድ ጥያቄ እንዳረማትም በደስታ ጻፈች። ማስረጃው ከጠፋ እንደገና መፈተን ስለሆነ በወረቀት አትማ የድሮኑ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጣዋለች። እኔ ይህን ፈተና ሳልወስድ ሦስት ጊዜ አብርሬ ነበር፤ ሁለቴ ደግሞ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ። ብሔራዊ ፓርኮች ከ2014 ጀምሮ ድሮን እንደሚከለክሉ ያወቅኩት ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ነው። በክቡም ውስጥ ነኝ፣ በፓርኩም ውስጥ ነኝ፣ ፈተናውንም አልወሰድኩም። ካርቶኑ ላይ ባለች አንዲት ቁጥር ተማምኜ።

30ኛ ምላሽ። እሑድ ማታ 1ኛው ተመለሰ። ስለ ቁጣው አንድ ቃል አልጻፈም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ወደ ሰሜን በ270 መንገድ ሲነዳ ውስጠኛው ክብ የሚያልቀው የት ላይ ነው? መልሱን የሰጡት አሽከርካሪው (11ኛው) ናቸው። አዲስ ምላሽ አልከፈቱም፤ ከእሱ ሥር አያይዘው ጻፉ። ሮክቪል ድንበሩ ላይ ስለሆነ አትመነው፤ ጀርመንታውን ከደረስክ ውስጠኛውን አልፈሃል፤ ፍሬድሪክ ከደረስክ ሁለቱንም አልፈሃል። ከመነሣትህ በፊት ግን የት ማብረር እንደሚፈቀድ የሚያሳየውን ቢ ፎር ዩ ፍላይን ከፍተህ አረጋግጥ፣ ከዚያ የመሬቱን ባለቤት አስፈቅድ አሉት። ለተሰደቡበት ሰው መንገድ ማሳየታቸው ልቤን ነካው።

እኔ ያደረግኩትን ልጨርስ። ድሮኗን በ5 ዶላር አስመዘገብኩ፤ በመዝናኛ መስመር ግዴታ ባይሆንብኝም መብራቱንና መከለያውን ልገጥምባት ስለምፈልግ ነው። ቁጥሩን በቀጭን ብዕር ከውጭ በኩል፣ አንበሳው የነበረበት ቦታ ላይ ጻፍኩት። ከመከለያው ጋር ለማብረር ሪሞት አይዲ የሚያስተላልፍ ትንሽ መሣሪያ ጨምሬ መግዛት አለብኝ፤ ዋጋ እያየሁ ነው። ትረስትንም አለፍኩ። ከፍሬድሪክ በስተ ደቡብ እርሻ ያለው የባለቤቴ ዘመድ ቅዳሜ ጠዋት እንድንመጣ ፈቅዶልናል፤ 1ኛውም እመጣለሁ ብሏል።

ደመራውን ግን ከሰማይ አልቀርጽም። ለዲያቆናቱ ደውዬ ነገርኳቸው። ከደብሩ ትይዩ ባለ አራት ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ አለ፤ ከጣሪያው ላይ ችቦው ሲለኮስ፣ ጭሱ ወደየት እንዳዘነበለ፣ ካህናቱ ሲዞሩ ሁሉ ይታያል። የሕንፃውን አስተዳዳሪ ለማስፈቀድ ደብዳቤውን የሚጽፈው ያ ዲያቆን ነው። ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ ያለው ሰው ከዚህ ሥር ይጻፍልኝ፤ የእኔ አንድ እግሩ ተሰብሯል።